ጋሼ ተስፋይ መድረክ የወጡበት እሑድ

የዶርሜ ልጆች ከመሄዴ በፊት ቃል አስገብተውኛል፤ ያየሁትን ብቻ ሳይሆን የበላሁትንና ያፈርኩበትንም ጭምር እንድጽፍላቸው። ይኸው ጽፌያለሁ። ጽሑፉ አሜሪካን ከቴሌቪዥን ውጭ የማየት ዕድል ለሌለን ሰዎች ነው። «ለሌለን» ያልኩት እኔም ዳግመኛ የምሄድ ስለማይመስለኝ ነው።

የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ወይንሸት፣ ኮሎራዶ ውስጥ ከዴንቨር ጋር በተያያዘችው አውሮራ ከተማ ትኖራለች። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴን በጥሩ ውጤት ከጨረስኩ በክረምቱ እንደምትወስደኝ ቃል ገብታልኝ ነበር። ውጤቱ መጣ፤ ከውጤቱ በላይ የፈራሁት ቪዛም ተፈቀደልኝ። እዚያ ከቆየሁበት ጊዜ ውስጥ የምጽፈው ስለ መጀመሪያው ሳምንት ብቻ ነው። ሁሉም ሰው ደጋግሞ የሚያስተርከኝ እሱን ነውና።

ማክሰኞ

ጠዋት ከደብረ ብርሃን ስንነሳ ጭጋጉ ከፊታችን ያለውን መኪና አያሳይም ነበር። አባቴ እስከ ቦሌ ሊሸኘኝ አብሮኝ ተሳፈረ። የሚኒባሱ ሹፌር ከሸኖ እስከ ሰንዳፋ ድረስ ካንትሪ የሚባለውን የአሜሪካ ዘፈን ካሴት እያገላበጠ አጫወተ። በእኛ መንገድ ካንትሪ የማይወድ ሹፌር አጋጥሞኝ አያውቅም፤ እንግሊዝኛውን ባይሰሙትም ሐዘኑን ይሰሙታል። አባቴ ጥቂት አዳመጠና፣ ጤፍ ወደሚመረትበት አገር እንደምሄድ ሁሉ፣ «እንግዲህ የምትሄጂው ይህ ወደሚመረትበት ነው» አለኝ።

እናቴ ለእህቷ የላከችው የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የሻንጣዬን ግማሽ ይዞ ነበር። በማግስቱ ዋሽንግተን ስንደርስ ፈታሹ ሻንጣዬን አስከፈተኝና ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ቢያገላብጠው፣ ቢያራግፈው ምንም የለም። በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ ተሸክሜ የምሄደው ኮሎራዶ ውስጥ ስለሌለ እንደሆነ ጠየቀኝ። ትምህርት ቤት የተማርኩት እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋብኝ። በመጨረሻ እናቴ ታናሽ እህቷን አሁንም የሚበርዳት እንደሚመስላት ነገርኩት። ሰውየው ሳቅ ብሎ ብርድ ልብሱን እኔ ካጠፍኩት በተሻለ አጥፎ መለሰልኝ።

ረቡዕ

የዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ጣሪያው ነጭ ድንኳን ነው። ከሩቅ ሳየው ለጥምቀት ሜዳ ላይ የተተከለ መሰለኝ። በስተ ምዕራብ ተራሮች ተደርድረዋል፤ እኛ ግን ወደ ሜዳው ነበር የምንሄደው።

ሊቀበሉኝ የመጡት የአክስቴ ባል ጋሼ ተስፋይና ልጃቸው ሶስና ነበሩ። ጋሼ ተስፋይ ወደ ስድሳ የተጠጉ ቀጭን ሰው ናቸው። ተወልደው ያደጉት አስመራ ነው፤ ትምህርታቸውን በአማርኛ ስለተከታተሉ አማርኛቸው ከእኔ ይልቅ ወደ መጽሐፍ ይቀርባል። ሶስና እዚያው የተወለደች ኮረዳ ናት፤ አማርኛ ስትሰማ ሁሉንም ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ጋሼ ገና ከመሳማችን የውሃ ጠርሙስ ሰጡኝ። ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ እንግዳ ራሱን እንደሚያዞረው አስጠነቀቁኝ። ከደብረ ብርሃን ወደ ዴንቨር መምጣት ቁልቁል መውረድ መሆኑን ልነግራቸው አሰብኩ፤ ላለማሳፈር ብዬ ግን ውሃውን ጨርሼ ጠጣሁት።

መኪናቸው አሮጌ ቢሆንም ቴፑ ይሠራል። ሞተሩ ሲነሳ ያ የማውቀው ድምፅ፣ የሚኒባሶቻችን የካንትሪ ዘፋኝ ድምፅ፣ ከቴፑ ወጣ። ሳላስበው አብሬ አንጎራጎርኩ። ጋሼ መሪውን በመዳፋቸው መቱት።

«ታውቂዋለሽ?»

አባቴ ይህን ካሴት እስኪበጠስ እንደሰማው፣ በጥፍር ቀለም አጣብቆም እንደገና እንደሰማው ነገርኳቸው። በጣም ደስ አላቸው። መንገዱን ሁሉ ስለ ልጅነታቸው አወሩልኝ። አስመራ ውስጥ የአሜሪካ ወታደሮች ሰፈር ነበረ፤ ወታደሮቹ የራሳቸው ሬዲዮ ጣቢያ ነበራቸው። እሳቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በአንድ ጫማ ሰፊ ደጃፍ ተቀምጠው በዚያ ሬዲዮ ካንትሪ ይሰሙ ነበር። እንግሊዝኛ የተማሩት ከመምህር ሳይሆን ከዚያ እንደሆነ ነገሩኝ።

«እንግዲያው እሑድ አብረሽኝ ትመጫለሽ» አሉ።

«ዳድ፣ ፕሊስ» አለች ሶስና፣ የሹራቧን ቆብ እስከ አፍንጫዋ እየጎተተች።

እሑድ ምን እንዳለ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አንድ ጥንታዊ ቲያትር ቤት አለ፤ በየወሩ አንድ እሑድ ከሰዓት የካንትሪ ዝግጅት ያቀርባል። የተጋበዘችው ዘፋኝ ከመውጣቷ በፊት ከተመልካቹ መካከል የተመረጡ ሰዎች ከባንዱ ጋር አንድ አንድ ዘፈን ይዘፍናሉ። ጋሼ ተስፋይ ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ልከው ተመርጠዋል። ሙሉ ዕድሜያቸውን ሲሰሙት የኖሩትን ዘፈን በባለቤቶቹ ፊት ሊዘፍኑት ነው።

አክስቴ በሩ ላይ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ከዚያ ብርድ ልብሱን ስታይ እንደገና አለቀሰች። የጾም ወጥ በየዓይነቱ ሠርታ ጠበቀችን። ማዕዱ ላይ ደስ የምታሰኝ ወሬ ያመጣሁ መስሎኝ ስለ እሑዱ ዝግጅት አነሳሁ። ጋሼ አቀረቀሩ። አክስቴ ምስር ጨመረችልኝ።

ሐሙስ

ጋሼና አክስቴ ሥራ ሄዱ፤ እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። እኔ ብቻዬን ሃቫና ስትሪትን ለማየት በእግሬ ወጣሁ። መንገዱ ከደብረ ብርሃን አደባባይ ይሰፋል፤ ሱቁ ብዙ ነው፤ የኮሪያው፣ የሜክሲኮው፣ የእኛው ሁሉ ተደባልቋል። የሚራመድ ሰው ግን የለም። እኛ ጋ እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ሰውና አህያ ተጋፍቶ ነው የሚያልፈው። ጥቂት እንደሄድኩ አንዲት ነጭ ሴትዮ መኪናዋን አቁማ መኪናዬ የት እንደተበላሸ ጠየቀችኝ። አልተበላሸም አልኳት፤ መኪና የለኝም ስላት ደግሞ ይበልጥ አዘነችልኝ። በግድ አሳፍራ ቤት አደረሰችኝ። አንድም ሱቅ ገብቼ አላየሁም፤ ሴትዮዋን ላለማስቀየም ግን አመስግኜ ወረድኩ።

ዓርብ

በ15 ቁጥር አውቶቡስ ከጋሼ ጋር ዴንቨር መሐል ከተማ ወደሚገኘው መሥሪያ ቤታቸው ሄድኩ። ኮልፋክስ ማለቂያ የለውም። በመካከሉ ጋሼ ክንዴን ነካ አድርገው በመስኮት አሳዩኝ። ከቀይ ሸክላ የተሠራ፣ ፊቱ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ያለው፣ እሑድ የሚዘፍኑበት ቲያትር ቤት ነበር። ድምፅ የሌለው ፊልም ይታይበት ከነበረበት ዘመን ጀምሮ የቆመ ነው። ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ስናልፍ እንደምናደርገው ሁሉ እስኪያልፍ ድረስ ቀና ብለው ተቀመጡ።

ሥራቸው አንድ ባለ ብዙ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ መቀበል ነው። ቡዝ የሚሉት ትንሽ የመስታወት ክፍል አላቸው። እዚያ ውስጥ ሁለተኛ ወንበር አስገብተው አስቀመጡኝና ሲለማመዱ ሰማኋቸው። ድምፃቸው ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ ከካሴቱ የሚለየው ትንሽ የአስመራ ለዛ ስላለበት ብቻ ነው። ፀጉሬ ቆመ። ነገር ግን አንድም ጊዜ አልጨረሱትም። መኪና መጣ ሲል ያቆማሉ፤ «ጉድ አፍተርኑን፣ ሰር» ይላሉ፤ ይቀበላሉ፣ ይመልሳሉ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ጨርሰውት ያውቁ እንደሆነ ስጠይቃቸው በሐሳባቸው ሁልጊዜ እንደሚጨርሱት ነገሩኝ።

ቤት ውስጥ ለምን እንደማይለማመዱ ግን አልጠየቅኋቸውም።

በምሳ ሰዓት የሥራ ባልደረባቸው የሆነ አንድ ሜክሲኳዊ እንግዳ መሆኔን ሲሰማ ለእኔ ብሎ ትልቅ ሀምበርገር ገዝቶ መጣ። ዓርብ ነው። ሰውየው ፊቴን እያየ ቆሟል። ጋሼ ጾም መሆኑን ሊያስረዱልኝ ሲሞክሩ ሰውየው እሱም በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ሥጋ እንደማይበላ ተናግሮ ሥጋውን አውጥቶ በላልኝ። ዳቦውን ልሰጠው ስል እምቢ አለ። ሰላጣውን ብቻ በጥንቃቄ አራግፌ በላሁ።

ቅዳሜ

ከአክስቴ ጋር ልብስ ማጠቢያ ቤት ሄድን። የሰፈሩ ሰው ልብሱን ማሽን ውስጥ ከትቶ ፊት ለፊቱ ቁጭ ይላል። ወንዝ ዳር ልብስ እንደማጠብ ነው፤ የጎደለው ፀሐይና ሐሜት ብቻ ነው፤ ሐሜቱንም እኛ አመጣነው።

ነገ ትመጣ እንደሆነ ስጠይቃት የጋሼን ሸሚዝ አራግፋ ማጠፍ ጀመረች። ከዚያ ነገረችኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የወዳጅ ሠርግ ላይ ጋሼ ማይክ ተቀብለው ለሙሽሮቹ ካንትሪ ዘፈኑ። ወጣቶቹ ሳቁ፤ ሳቁ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሄደ። ዘፈኑ ሳያልቅ ዲጄው የጭፈራ ሙዚቃ ለቀቀባቸው። ጋሼ ማይኩን አስቀምጠው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ዶሮ ወጥ አቀረቡላት። ከዚያን ቀን በኋላ ቤት ውስጥ አንጎራጉረው አያውቁም።

«እኔ ልሳቅበት» አለች አክስቴ። «ሃያ ዓመት ስቄበታለሁ፣ መብቴ ነው። ሌላ ሰው ሲስቅበት ግን ቁጭ ብዬ አላይም። አንቺ ሂጂ። እኔ አድርሼያችሁ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ።»

ሁለቱንም ማስደሰት ፈልጌ ነበር፤ እንዴት እንደሚሆን ግን አላወቅሁም። ማታ ጋሼ ሙሉ ልብሳቸውን ሲተኩሱ አገኘኋቸው። ካንትሪ የሚዘፍን ሰው ባርኔጣና ቦት ጫማ ያደርጋል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ለምን እንዳላሰቡበት ጠየቅኋቸው።

«እኔ ላም ጠብቄ አላውቅም» አሉ። «የቄስ ልጅ ነኝ። የማልሆነውን ለብሼ ብወጣ ዘፈኑም ይታዘበኛል።»

ሶስና ሶፋው ላይ ሆና ስልኳን እየነካካች ነበር። ሳቀች፤ የሳቀችው ግን በአማርኛው ቀልድ ነበርና ሰምታ እንደነበር አወቅሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ምሳ በላን። ጋሼ ግን ከሁለት ጉርሻ አልፈው አልበሉም። መኪናውን አክስቴ ነዳች። ኮልፋክስ እንደገባን ሰማዩ ባንዴ ጠቆረ። ከዚያ በረዶ ወረደ። በረዶ ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ በሐምሌ የእኛን ባቄላ የሚያወድመው እሱ ነው። ይህኛው ግን የመኪናውን ጣሪያ በመዶሻ ይመታው ጀመር። አክስቴ ወደ አንድ ነዳጅ ማደያ ጣሪያ ሥር ገባች። ሌሎች መኪኖችም ተከትለውን ገቡና ተዘጋጋን። ሰዓቱ ይሄዳል። ጋሼ በእግራቸው ለመሄድ በር ሲከፍቱ አክስቴ ከኋላ ኮታቸውን ያዘች።

«ቁጭ በል! የተተኮሰ ልብስ ነው የለበስከው።»

በረዶው እንደ አመጣጡ ባንዴ ቆመ። ስንደርስ ከበሩ ፊት አወረደችን፤ ፓርክ አድርጋ እዚያው እንደምትጠብቅ ነግራን ሄደች። መልካም ዕድልም አላለችም። ጋሼ መኪናው እስኪታጠፍ አዩት። ቆመው ሲያዩ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ትከሻቸውን አበሰበሰው።

ውስጡን ሳይ ያለሁበትን ረሳሁ። ወንበሮቹ ቀይ ናቸው፤ ጣሪያው የወርቅ ቀለም አበባ ተስሎበታል፤ የመድረኩ ጣውላ ብዙ ሰው ከመቆሙ የተነሳ መሐሉ ጎድጉዷል። ከሁሉም በላይ የገረመኝ ሰዉ ነው። አብዛኞቹ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው። ባርኔጣ ያደረጉ፣ ፊታቸውን ፀሐይና ንፋስ ያሸበሸበው፣ እጃቸው የሻከረ። ሲገናኙ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ሰላም ይባባላሉ። በገበያ ቀን ደብረ ብርሃን የሚመጡ ገበሬዎች እንዲሁ ናቸው። እኔና ሶስና ፊት ለፊት ተቀመጥን። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ፈንዲሻቸውን ሳልጠይቃቸው ወደ እኔ አዘነበሉት፤ አገሬ የተማርኩት የቀረበን ምግብ አለመግፋት ነውና በላሁ።

ሁለት ሰዎች ዘፈኑ። ከዚያ መርሐ ግብሩን የምትመራው ሴትዮ የጋሼን ስም እንደምንም ጠርታ አስገባቻቸው። ሙሉ ልብስና ክራባት ያደረገ ቀጭን ጥቁር ሰው ሲወጣ የተመልካቹ ባርኔጣ ሁሉ ቀና አለ። ሶስና እጄን ያዘችኝ።

ባንዱ ጀመረ። ጋሼ ከለመዱት ከፍ ብሎ ነበር፤ የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ድምፃቸው ቀጠነ። ሁለተኛው ላይ ተስተካከለ። ሰዉ ወደ ፊት ሲጠጋ አየሁ። አንዲት ባልቴት ዓይኗን ጨፈነች። ዞር ስል አክስቴን ኋላ በሩ አጠገብ በነጠላዋ ቆማ አየኋት፤ በእጇ መሀረብ ይዛለች። በኋላ እንዳለችው የመጣችው የጋሼ ትከሻ ሲርስ በመኪናው መስታወት ስላየች ማድረቂያ ልታቀብላቸው ብቻ ነው።

ልክ በዚያን ጊዜ አንድ ያረፈደ ሰውዬ በመሐል መተላለፊያው መጥቶ መድረኩ ሥር ደረሰ። ጋሼም ዘፈናቸውን አቆሙና ዝቅ ብለው በትሕትና፣ «ጉድ አፍተርኑን፣ ሰር» አሉት።

አዳራሹ ሳቀ። ሰውየው ግራ ተጋብቶ ቁጭ አለ። ባንዱ ያችኑ ዜማ እየደጋገመ ጠበቃቸው፤ ጋሼ ግን ቃሉ ጠፋቸው። አፋቸውን ከፍተው ይዘጋሉ። እዚያ ቡዝ ውስጥ ቢሆኑ ከመጀመሪያው ይጀምሩት ነበር። ማይኩን ወደ ማስቀመጫው ሊመልሱ ሲሉ አየሁ። ሶስና አጠገቤ «ኖ፣ ዳድ፣ ኖ» ትላለች።

አክስቴ በመተላለፊያው ስትመጣ የጫማዋ ድምፅ ይሰማል። የጎን ደረጃውን ወጣች። ቦርሳዋን ከፈተች፤ አንድ ዶላር አወጣች፤ ባሏ ፊት ቆመችና ላብ ባወረዛው ግንባራቸው ላይ ለጠፈችው።

የአዳራሹ ሳቅ በመሐል ቀረ። አንድ ጥበቃ ወደ መድረኩ መራመድ ጀመረ፤ መርሐ ግብሩን የምትመራው ሴትዮ በእጇ አስቆመችው። የባንዱ መሪ ጊታሩን ሳያቆም ምን እየተደረገ እንደሆነ ጋሼን ጠየቃቸው። ጋሼ ዶላሩ ግንባራቸው ላይ እንዳለ ወደ ማይኩ ተጠጉ።

«ባለቤቴ ናት» አሉ በእንግሊዝኛ። «በእኛ አገር ዘፋኝ ደስ ካሰኘ እንዲህ ይሸለማል።» ጥቂት አሰቡና ጨመሩበት፤ «እኔ ግን ገና አልዘፈንኩም።»

«ቀብድ ነው በላቸው» አለች አክስቴ ጮክ ብላ በአማርኛ። «አሁን ዝፈን።»

ጋሼ ተረጎሙት። አዳራሹ እንደገና ሳቀ፤ ይህኛው ሳቅ ግን ሌላ ነበር፤ ጋሼም አብረው ሳቁ። አክስቴ ከመድረክ ሳትወርድ ጥግ ላይ ቆመች። ጋሼ ከመጀመሪያው ስንኝ ጀመሩ። ከዚህ በኋላ ያለውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። እስከ መጨረሻው ዘፈኑት ማለት ብቻ ይበቃል። እኔ አባቴ አጠገቤ ቢኖር ብዬ አለቀስኩ፤ ሶስና ደግሞ ዘፈኑን በሙሉ በቃሏ ታውቀው ኖሯል።

ፈንዲሻ ያካፈሉኝ አዛውንት ተነሡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው መድረክ ወጡና የራሳቸውን ዶላር ጋሼ ጉንጭ ላይ ለጠፉት፤ ወዲያው ወደቀ። አክስቴ አንሥታ እንዴት ጫን እንደሚደረግ አሳየቻቸው። ከእሳቸው ኋላ ሰው ተሰለፈ። አንድ ሰው ተሳስቶ የባንዱን መሪ ግንባር ሸለመ። የተጋበዘችው ዘፋኝ ስትወጣ «እኔም እዚህ ብዙ መዝፈን አለብኝ ማለት ነው» ብላ ግንባሯን ነካች። ጥሩ ዘፈነች፤ እውነቱን ለመናገር ግን ብዙውን አልሰማሁትም።

ሲያልቅ መርሐ ግብሩን የመራችው ሴትዮ መግቢያው ላይ ደረሰችብን። በሚመጣው ወር ጋሼ ተስፋይ እንደገና ሊዘፍኑ ይችሉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ጋሼ ወደ አክስቴ ዞሩ። አክስቴ በመሀረቧ የጋሼን ትከሻ ስታደርቅ ቆየች። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞራ በራሷ እንግሊዝኛ፣ ባንዱ በሚመጣው ጊዜ ትንሽ ዝቅ አድርጎ እንዲጀምርለት፣ ከፍ ሲል ባሏ እንደሚጨነቅ አስረዳቻት። ሴትዮዋ እሺ አለች።

«ጻፊው» አለቻት አክስቴ፤ ሴትዮዋ እስክሪብቶ ፈልጋ እስክትጽፈውም ድረስ ከአጠገቧ አልተነቃነቀችም።